ፓራሜትር ስዊፕ (ትራንዚስተር)

ፓራሜትር ስዊፕ በኮምፒውተር የሰርኪት ሲሙሌሽን ውስጥ የትራንዚስተርን አንድ ባሕርይ የሚወክል ቁጥር ደረጃ በደረጃ እየቀየሩ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ሰርኪቱን እንደገና የማስላት ዘዴ ነው። ዘዴው ያስፈለገው አንድ ዓይነት ስም የያዙ ትራንዚስተሮች እርስ በርስ እኩል ስለማይሆኑ ነው። ለምሳሌ 2ኤን3904 የተባለው በብዛት የሚሠራበት ትራንዚስተር፣ ኮረንት የማጉላት አቅሙ (ቤታ) በ10 ሚሊአምፔር ላይ ከ100 እስከ 300 ሊሆን እንደሚችል የአምራቾች መግለጫ ያመለክታል።

የዚህ ልዩነት ውጤት በቀላል ማጉያ ላይ ጎልቶ ይታያል። የኃይል ምንጩ 12 ቮልት፣ የቤዝ ሬዚስተሩ 1.13 ሜጋኦም፣ የኮሌክተር ሬዚስተሩ 5 ኪሎኦም፣ የቤዝና ኤሚተር ቮልቴጁ 0.7 ቮልት ቢሆን፣ ወደ ቤዝ 10 ማይክሮአምፔር ይገባል። ቤታ 100 ሲሆን የኮሌክተር ቮልቴጅ 7 ቮልት፣ 200 ሲሆን 2 ቮልት ነው። 300 ላይ ግን ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ስለሚከፈት ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ማጉላቱም ይቀራል። በአንድ የቤታ ዋጋ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን አያይም። ቤዙ በ47 እና በ10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ተከፋፍሎ ቢመገብና ኤሚተሩ ላይ 1 ኪሎኦም ቢጨመር፣ ቤታ ከ100 ወደ 300 ሲያድግ የኮሌክተር ኮረንት ከ1.29 ወደ 1.36 ሚሊአምፔር ብቻ ከፍ ይላል።

ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት አብዛኞቹ ፕሮግራሞች መነሻቸው ስፓይስ ነው። ስፓይስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ በሎረንስ ኔግል፣ በፕሮፌሰር ዶናልድ ፒደርሰን አማካሪነት ተሠርቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ተጠቃሚው የትራንዚስተሩን ሞዴል ካልሞላ ስፓይስ ቤታን 100፣ ሙቀትን 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የኧርሊ ቮልቴጅን ደግሞ ወሰን የለሽ አድርጎ ይወስዳል። የመጨረሻው በተለይ አሳሳች ነው፤ የኮሌክተር ኮረንት ቮልቴጅ ሲጨምር ፈጽሞ የማይለወጥ ያስመስላል።

በሞዴሉ ውስጥ የሚጻፈው ቤታ በመለኪያ ከሚገኘው ጋር አንድ እንዳልሆነም ልብ ማለት ያስፈልጋል። የተሟላ ሞዴል ቤታን በጣም አነስተኛም ሆነ ከፍተኛ ኮረንት ላይ ስለሚቀንሰው፣ 300 ተብሎ የገባው ቁጥር በሥራ ላይ ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሙቀት ሲለወጥ ደግሞ ብዙ ፓራሜትሮች አብረው ይለወጣሉ፤ ኮረንቱ ሳይለወጥ የቤዝና ኤሚተር ቮልቴጅ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል፣ ቤታም ይጨምራል። ስለዚህ የሙቀትን ተጽዕኖ ለማየት የሚለዋወጠው ቤታ ሳይሆን ራሱ የሙቀቱ ቁጥር ነው።