«ቤናዚር» ማለት ምን ማለት ነው? ከእኛዋ «አቻምየለሽ»ስ ጋር ምን ያገናኛታል?

«ቤናዚር» የሚለውን ስም ስትሰሙ ማን ትዝ ይላችኋል? አብዛኞቻችን የምናስታውሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። ነጭ ሻሽ ራሳቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ቤናዚር ቡቶ። ሌላ ቤናዚር ጥሩ ብንባል ግን ቶሎ አይመጣልንም።

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ዓለም በሙሉ ያውቀዋል፤ በስሙ የሚጠሩት ሰዎች ግን በራሷ በፓኪስታንም ብዙ አይደሉም። ፋጢማ፣ አኢሻ፣ ዘይነብ የመሳሰሉት በየቤቱ ሲገኙ፣ ቤናዚርን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። ለምን ይሆን? ስሙስ ከየት መጣ? ዛሬ እሱን እናያለን። መንገድ ላይ ደግሞ ከራሳችን ቋንቋ ጋር እንገናኛለን።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ትርጉሙ፦ «አቻ የሌላት»

ስሙ ሁለት ቁራጭ ነው። «ቤ» የፋርስኛ ቃል ሲሆን «ያለ» ወይም «የሌለው» ማለት ነው። «ነዚር» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «አቻ፣ አምሳያ፣ እኩያ» ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጠሙ «አቻ የሌላት»፣ «ወደር የማይገኝላት» ይሆናል።

የህንድ ፊልም የምታዩ ከሆነ «ቤ»ን ሳታውቁት ታውቋታላችሁ። ዘፈኖቹ ውስጥ የከዳው ፍቅረኛ «ቤዋፋ» ይባል የለ? «ዋፋ» ታማኝነት ነው፤ «ቤዋፋ» ታማኝነት የሌለው። ሥራ አጥ «ቤሮዝጋር» ነው፤ ጥፋት የሌለበት ንጹህ ሰው ደግሞ «ቤጉናህ»። ቤናዚርም የዚሁ ቤተሰብ ናት። ልዩነቱ ሌሎቹ የጎደለውን ነገር ሲናገሩ፣ እሷ ግን የጎደለውን ወደ ሙገሳ መቀየሯ ነው።

አንድ ስም ውስጥ ፋርስኛና ዐረብኛ እንዴት ተገናኙ? ኡርዱ እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው። ሰዋስዉ ከሂንዲ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ብዙ ቃላቱን ግን ከፋርስኛና በፋርስኛ በኩል ከገባው ዐረብኛ ወስዷል። ምክንያቱ ደግሞ ታሪክ ነው። ህንድን የገዙት ሞጉሎች የቤተ መንግሥት ቋንቋቸው ፋርስኛ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ከፍ ያለና የተዋበ እንዲመስል ሲፈለግ ፋርስኛ ይመረጣል። ቤናዚርም እንዲህ ካለው ሰፈር የመጣ ስም ነው።

አነባበቡን በተመለከተ፣ እኛ «ቤናዚር» ብለን ብንጽፈውም መሃሉ አጭር ነው፤ «ቤነዚር» ለሚለው ይቀርባል። ኢራን ውስጥ ደግሞ ፊደሉ ሳይቀየር «ቢነዚር» ይላሉ።

ሥሩ ከእኛ ቤትም አለ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ዐረብኛው «ነዚር» የወጣው «ነዘረ» ከሚለው ግስ ነው፤ አየ፣ ተመለከተ ማለት ነው። ዐረብ አገር የኖረ ሰው መነጽር «ነዛራ» እንደሚባል ያውቃል።

መነጽር! ቃሉን ልብ በሉት። በግዕዝ «ነጸረ» ማለት አየ፣ ተመለከተ ነው። መነጽር፣ ነጽሮት፣ ማነጻጸር፣ ንጽጽር ሁሉ ከእሱ የወጡ ናቸው። የዐረብኛው «ነዘረ» እና የግዕዙ «ነጸረ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ስለሆኑ እንዲህ ዓይነት ዝምድና ብዙ ነው። የዐረብኛዋ ወፍራም «ዘ» በግዕዝ «ጸ» ሆና ትመጣለች። ዐረብኛው «ዘላም» የሚለው ጨለማ በግዕዝ «ጽልመት» ነው፤ «ዚል» የሚለው ጥላ ደግሞ «ጽላሎት»።

ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ማነጻጸር ነው አይደል? «ነዚር» ማለትም ጎን ለጎን ሊቀመጥ የሚችል አቻ ማለት ነው። ስለዚህ ቤናዚርን ሥሩን ሳንለቅ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ተነጻጻሪ የሌላት» ይሆናል። ከላሆር ወይም ከካራቺ የመጣ የሚመስለን ስም፣ ግማሹ በመዝገበ ቃላታችን ውስጥ ዘመድ አለው።

በስም ደረጃ ደግሞ እህቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፦ አቻምየለሽ። ለወንድ አቻምየለህ። ሐሳቡ አንድ ነው፤ አሰያየሙ ግን ይለያያል። የእኛው ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ወላጅ ልጁን ፊት ለፊት እያየ «አንቺ አቻም የለሽ» ይላታል። የኡርዱው ግን ቅጽል ነው፤ ለማንም አይናገርም፣ ይገልጻል። በዚያ ላይ ፋርስኛ ሰዋስው ውስጥ የወንድና የሴት ልዩነት የለም። «የለህ» እና «የለሽ» ብሎ መምረጥ አያስፈልግም። ቤናዚር ለሁለቱም ይሆናል።

ይህ ወደሚቀጥለው ነገር ይወስደናል።

የመጀመሪያው ታዋቂ ቤናዚር ወንድ ነበር

በኡርዱ ሥነ ጽሑፍ ቤናዚር ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ልዑል ነው። ሚር ሐሰን የተባለው ገጣሚ በ1780ዎቹ «ሲህሩል በያን» የተሰኘ ረጅም የግጥም ታሪክ ጻፈ። የታሪኩ ጀግና ልዑል ቤናዚር ይባላል። የሚወዳት ልዕልት ደግሞ በድረ ሙኒር ናት፤ «የምታበራ ሙሉ ጨረቃ» ማለት ነው። በድሩ፣ ሙኒር፣ ሙኒራ የሚባሉ ጓደኞች ስላሉን ይህኛውን ለመረዳት አንቸገርም።

ታሪኩ ውስጥ ልዑሉን ፓሪ፣ ማለትም ክንፍ ያላት የተረት ፍጡር፣ በተኛበት ትወስደዋለች። የሚበር የእንጨት ፈረስም ይሰጠዋል። ከልዕልቷ ጋር ሲገናኝ ግን ፓሪዋ ትቆጣና ጉድጓድ ውስጥ ታስረዋለች። ማን አወጣው መሰላችሁ? የልዕልቷ ጓደኛ፣ የሚኒስትሩ ልጅ ነጅሙንኒሳ ናት። የመናኝ ልብስ ለብሳ፣ ሙዚቃ እየተጫወተች፣ ጫካ ለጫካ ዞራ አስፈታችው። «አቻ የለሽ» የተባለውን ወንድ ያተረፈችው ሴት ናት።

ስሙ ዛሬም ለወንድ ይወጣል። ባንግላዴሽ ውስጥ ከ2020 እስከ 2022 የፖሊስ ዋና አዛዥ የነበሩት ቤናዚር አህመድ ወንድ ናቸው። በሌላ በኩል በ1964 በህንድ «ቤናዚር» የሚል ፊልም ሲወጣ ዋናዋ ተዋናይት ሚና ኩማሪ ነበረች። ያኔ የኋላዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ገና የ11 ዓመት ልጅ ናቸው። ስለዚህ ስሙን የፈጠሩት እሳቸው አይደሉም። ከእሳቸው በኋላ ግን ስሙ እንደድሮው አልሆነም።

ስሙን የወሰዱት ሴት

ቤናዚር ቡቶ ሰኔ 21 ቀን 1953 ካራቺ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ዙልፊካር አሊ ቡቶ የሲንድ ክፍለ ሀገር ሰው ናቸው፤ እናታቸው ኑስረት ደግሞ የኢራን ኩርድ ዝርያ አላቸው። ስሙ የወጣላቸው በወጣትነቷ በሞተች አክስታቸው መታሰቢያ ነው። ቤት ውስጥ ግን ማንም ቤናዚር አይላቸውም ነበር። ሲወለዱ ቀላ ያሉ ስለነበሩ የቤት ስማቸው «ፒንኪ» ነበር።

አባታቸው በ1979 በወታደራዊው መንግሥት በስቅላት ተገደሉ። እሳቸው ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ ተመለሱ። በታህሳስ 1988 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነን አገር በምርጫ የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ዕድሜያቸው 35 ነበር። በ1993 ሁለተኛ ጊዜ ተመረጡ። ታህሳስ 27 ቀን 2007 ራዋልፒንዲ ከተማ ውስጥ ከምርጫ ቅስቀሳ ሲወጡ ተገደሉ።

ስለ ስም እያወራን ስለሆነ ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ በ1987 አሲፍ አሊ ዛርዳሪን ሲያገቡ የባላቸውን ስም አልወሰዱም፤ ቡቶ ሆነው ቀሩ። ለእኛ ይህ ብርቅ አይደለም፤ የእኛም እናቶች በአባታቸው ስም ነው የሚጠሩት። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ቢላዋል አሉት፤ ቤተሰቡ ይህንንም ስም «አቻ የሌለው» ብሎ ነው የሚተረጉመው። እናትና ልጅ በአንድ ትርጉም ማለት ነው። እሳቸው በተገደሉ በቀናት ውስጥ ደግሞ ቢላዋል በአባቱ ስም ላይ የእናቱን ጨምሮ «ቡቶ ዛርዳሪ» ሆነ።

ታዲያ ስሙ ለምን አልበዛም?

አንደኛው ምክንያት ሃይማኖት ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች ለሴት ልጅ ስም ሲያወጡ ብዙ ጊዜ ወደ ነቢዩ ቤተሰብና ወደ ቀደምት ሴቶች ይሄዳሉ። ቤናዚር ሃይማኖታዊ ታሪክ የለውም፤ የግጥምና የቤተ መንግሥት ቃል ነው።

ሁለተኛው፣ ቃሉ ኡርዱ ውስጥ ተራ ቅጽልም ነው። «ቤናዚር ውበት»፣ «ቤናዚር ጀግንነት» ይባላል። ሰው እንደ ስም ከመስማቱ በፊት እንደ ሙገሳ ይሰማዋል።

ሦስተኛው ፖለቲካ ነው። ከ1988 ወዲህ ፓኪስታን ውስጥ ልጅን ቤናዚር ብሎ መጥራት ዝም ብሎ ስም ማውጣት አይደለም። ልጅቷ ገና ሳትናገር የማን ደጋፊ ቤት እንደሆነ የተነገረ ይመስላል። ለሚወዷቸው ክብር ነው፤ ለማይወዷቸው ግን የሚሸሹት ስም ነው።

ከፓኪስታን ውጪም ስሙ አለ። «ሦስት ዘፈኖች ለቤናዚር» የተባለው አጭር ዘጋቢ ፊልም በ2022 ለኦስካር ታጭቶ ነበር። ፊልሙ የሚያሳየው ካቡል ውስጥ በተፈናቃዮች መጠለያ የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስትን ነው። እዚያ ቤናዚር የጠቅላይ ሚኒስትር ስም ሳይሆን አንድ ባል የሚዘፍንላት ሚስት ስም ነው።

ስሙ በብዛት ያለው ሌላ ቦታ ነው

ከግድያው በኋላ በ2008 ስሙ ቦታ ቦታ ላይ ተለጠፈ። የኢስላማባድ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተሰየመ። የናዋብሻህ ወረዳም «ሻሂድ ቤናዚርአባድ» ተባለ። አዲሱ የኢስላማባድ አውሮፕላን ማረፊያ በ2018 ሲከፈት ግን ስማቸው አብሮ አልሄደም። በፖለቲካ የተሰጠ ስም በፖለቲካ ይነሳል።

አንዱ ግን ሥር ሰደደ። በዚያው በ2008 «የቤናዚር የገቢ ድጋፍ ፕሮግራም» ተጀመረ። ለድሃ ቤተሰቦች በወር 1,000 ሩፒ መስጠት ነበር አጀማመሩ። ገንዘቡ የሚሰጠው ለባል ሳይሆን ለሴቷ ነው። ለመቀበል ደግሞ በራሷ ስም መታወቂያ ሊኖራት ይገባል። ከዚያ በፊት መታወቂያ ያልነበራቸው ብዙ የገጠር ሴቶች በዚህ ምክንያት ተመዘገቡ። መንግሥት ተቀያየረ፣ ስሙ ይነሳ የሚል ክርክርም መጣ፣ ፕሮግራሙ ግን በስሙ እንዳለ ነው። በ2024 ከ9 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ይረዱበት ነበር።

አስቡት። ቤናዚር የሚባሉ ሴቶች ጥቂት ናቸው። በቤናዚር ምክንያት የራሳቸው ስም መታወቂያ ላይ የተጻፈላቸው ሴቶች ግን እጅግ ብዙ ናቸው።

ስሙን ለልጅ ልታወጡ ካሰባችሁ

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢንተርኔት ላይ «ነዚር» ብላችሁ ብትፈልጉ «አስጠንቃቂ» የሚል ትርጉምም ታገኛላችሁ። ስህተት አይደለም፤ ሌላ ቃል ነው። ዐረብኛ ውስጥ ሁለቱ በተለያየ ፊደል ይጻፋሉ፣ ድምፃቸውም ይለያያል። ኡርዱ ግን አራት የዐረብኛ ፊደላትን ሁሉንም «ዘ» ብሎ ነው የሚያነባቸው፤ በአማርኛ ስንጽፈውም ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ በዐረብኛ ፊደል የምታጽፉት ከሆነ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። በአንድ ፊደል ስህተት «አቻ የሌላት» የነበረችው «አስጠንቃቂ የሌላት» ትሆናለች።

ሌላው ጥንቃቄ የፊደል አይደለም። ቤናዚር የተባለች ልጅ በሄደችበት ሁሉ «እንደዚያችኛዋ?» መባሏ አይቀርም። «ተነጻጻሪ የሌላት» ተብላ ተሰይማ ዕድሜዋን ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር ስትነጻጸር መኖር ሊሆን ነው። የእኛዋ አቻምየለሽ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ስሟ የራሷ ነው።

እናንተስ አቻምየለሽ ወይም አቻምየለህ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ? ታግ አድርጉትና የኡርዱ ስሙን ንገሩት። ቀጥሎ የየትኛውን ስም ትርጉም እንድናይላችሁ እንደምትፈልጉም ኮሜንት ላይ ጻፉልን።