ከ1894ቱ ውል እስከ ሕዳሴው ግድብ፦ በወቅታዊ ዜና እንግሊዝኛን ስለ ማስተማር ከአሶሳ የቀረበ አስተያየት

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከቤኒሻንጉል ምድር ጋር የተገናኘው በትምህርት ቤት በር አይደለም፤ በውል ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የብሪታኒያ መንግሥት በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ሲወሰን፣ የበርታ ሕዝብ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ተከፍሎ ቀረ። የዚሁ ውል ሦስተኛ አንቀጽ ስለ ጥቁር ዓባይ፣ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ሶባት ወንዝ ይናገራል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አስቀድሞ ስምምነት ሳይኖር የውኃውን ፍሰት «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። የአማርኛው ደግሞ ወንዝን ከዳር እስከ ዳር ስለ መድፈን ያወሳል። ፍሰትን ፈጽሞ ማቆም ሌላ፣ በውኃው መጠቀም ሌላ ነው የሚለው የኢትዮጵያ ክርክር የቆመው በዚህች አንዲት ግስ ላይ ነው።

ዛሬ በአሶሳ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «አሬስት» ምን ማለት እንደ ሆነ ቢጠየቅ «ፖሊስ ሰው ሲይዝ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው፤ ቃሉን የሰማው ከዜና ነውና። ነገር ግን ያው ቃል ስለ ተወለደበት ምድር በተጻፈ ውል ውስጥ ሲገጥመው፣ ወንዝ እንዴት «እንደሚታሰር» ግራ ይገባዋል። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ቃልን ከዜና መማር መልካም ዘዴ ሆኖ ሳለ፣ ቃሉ ወደ ተማሪው አገር ካልተመለሰ በቀር ትምህርቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌው ውል 17ኛ አንቀጽ አንዲት ግስ ያመጣችውን መዘዝ ለታሪክ መምህራን ማስታወስ አያሻም።

ዜናን ለቋንቋ መማሪያ ማድረግ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ዘመኑ ይበልጥ ያተኮረው በፈረንሳይኛ ላይ ነበር። እንግሊዝኛ የበላይነቱን የያዘው ከ1933ቱ የነፃነት መመለስ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1935 ዓ.ም. «ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ» መታተም ሲጀምር፣ አንባቢው የአገሩን ጉዳይ በባዕድ ቋንቋ የሚያነብበት ጋዜጣ አገኘ። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረውና በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በመንግሥት የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም ዜና ከሚሰማባቸው ድምፆች አንዱ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልንመረምረው የሚገባን ግን በ1952 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ የጀመረው «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተባለው ሥርጭት ነው። አሠራሩ በሦስት ነገሮች ላይ ቆሞ ነበር፤ ከ1,500 ገደማ በማይበልጡ ቃላት መወሰን፣ ዐረፍተ ነገሩን ማሳጠር፣ ንባቡንም ከተለመደው ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ያህል ማዘግየት። ከዚህም በላይ ዜናው ከፈሊጣዊ አነጋገር ይርቅ ነበር፤ ፈሊጦች የሚብራሩት ለብቻው በተመደበ ዝግጅት ነበር። ዘዴው ለጀማሪ እጅግ ጠቃሚ እንደ ነበረ አይካድም። ሆኖም ጆሮውን በዚያ ያሠለጠነ ተማሪ ተራውን ጋዜጣ ሲገልጥ እንደ ገና ይደናቀፋል፤ የዕለት ጋዜጣ ያለ ፈሊጥ አይጻፍምና። ድርድር «ብሬክ ዳውን» አደረገ የሚለውን አርእስት አንብቦ «ወደ ታች ተሰበረ» ብሎ ቢተረጉም፣ «ዴድሎክ» የሚለውንም «የሞተ ቁልፍ» ቢለው አይፈረድበትም። ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ተጣምረው ምን እንደሚሉ ነው ያልተነገረው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ወዲህ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ክልሉ ራሱ የዓለም ዜና ሆነ። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም የመርሆዎች መግለጫ ሲፈረም፣ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የውኃ ሙሌት ሲካሄድ፣ በዚያው ክረምትና በተከታዩ ዓመት ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሲቀርብ፣ እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ምረቃ ድረስ፣ ጥቂት ቃላት በእንግሊዝኛው ዜና ያለ ማቋረጥ ተመላለሱ። ለመምህሩ ይህ የተገኘ ሀብት ነው።

ሦስቱን ብቻ ላንሣ። «ፊሊንግ» የሚለውን ሰምቶ ስለ ስሜት የሚወራ የመሰለው ሠልጣኝ ገጥሞኛል። የከተማው ወጣት በአማርኛ ንግግሩ መካከል «ፊሊንግ» ሲል ስሜት ማለቱ ነው፤ እንግሊዝኛው በድምፅ እጥረትና ርዝመት የሚለያቸውን ሁለት ቃላት የእኛ ጆሮ አንድ ያደርጋቸዋል። «ሙሌት» የሚለውን የአማርኛ ዜና ቃል ከጎኑ ስናስቀምጥለት ነገሩ ተፈታ። «ሲግኒፊካንት» የሚለውን ደግሞ መዝገበ ቃላት «ጠቃሚ፣ አስፈላጊ» ብሎ ስለሚጀምር፣ የካርቱሙ መግለጫ ሊከላከለው የሚሻው ጉዳት «ጠቃሚ ጉዳት» ሆኖ ይነበባል፤ በዚህ ስፍራ ግን ጉልህ ማለት ነው። ሦስተኛው «ዳውንስትሪም» ነው። ተማሪዎች የግብፅና የሱዳን ሌላ ስም አድርገው ይይዙታል። በካርታ ላይ ጣናን፣ ጉባንና ካርቱምን አሳይቶ «ጉባ ለጣና ምኗ ናት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ እነርሱም ለጎጃም የታችኛው ተፋሰስ ሰዎች መሆናቸውን ሲያዩ ቃሉ የቦታ ግንኙነት እንጂ የአገር መጠሪያ አለመሆኑን ይረዱታል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር ግድ ይላል። ከክልሉ የወጣው ዜና ሁሉ የግድብ ዜና አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በንጹሐን ላይ የደረሰውን እልቂት የእንግሊዝኛው ዜና ደጋግሞ «ክላሽ» ከሚለው ቃል ጋር አያይዞ አውርቶታል። በእኛ አማርኛ ክላሽ ጠመንጃ ነው። በእንግሊዝኛው ግን የሁለት ወገን ግጭት ማለት ሲሆን፣ ተኝቶ ሳለ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ከተጋጪዎቹ እንደ አንዱ ያስቆጥረዋል። ይህ ልዩነት ለበሰሉ ሠልጣኞች ትልቅ ትምህርት ነው። ቤተ ዘመዱን ያጣ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ግን የቃላት መልመጃ ሊደረግ አይገባውም፤ እኔ በበኩሌ ለልጆች እንዳይቀርብ እመክራለሁ።

የሥርዓተ ትምህርት ዕቅድ አውጪዎችን የሚመለከተው ሌላ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ፣ ታትሞ፣ አሶሳ እስኪደርስ ዜናው ያረጃል፤ ስለዚህ ወቅታዊ ዜና በመጽሐፍ ውስጥ ይግባ ማለት ከንቱ ድካም ነው። የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለመምህሩ ክፍት ሆኖ መተው፣ በማሠልጠኛውም ዜናን የመምረጥና የማቃለል ልምምድ መስጠት ነው። በርትኛ ለሚናገረው ልጅ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ከአፍ መፍቻው፣ ከገበያው ዓረብኛና ከክልሉ የሥራ ቋንቋ ከአማርኛ ቀጥሎ የሚመጣ አራተኛ ቋንቋ መሆኑም በዕቅዱ ሊታሰብ ይገባል። ቃሉን በእነዚህ ሁሉ እንዲፈልገው ጊዜ ቢሰጠው አይባክንም።

በሠልጣኞቼ መካከል ባለፈው ጊዜ የ1894ቱን ሦስተኛ አንቀጽ በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ጽፌ፣ «አሬስት» የሚለውን ቃል ከሰሞኑ የፖሊስ ዜና ጋር እንዲያስተያዩት አድርጌ ነበር። ክርክሩ ደወል ከተደወለ በኋላም አላበቃም። አንዱ ሠልጣኝ ቃሉ በበርትኛ ለወንዝ ሲሆን አንድ፣ ለሰው ሲሆን ሌላ መሆኑን ለጓደኞቹ ሲያስረዳ፣ እኔም የማላውቀውን ቋንቋ ለመስማት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።