ሁለት ጊዜ የተሠራው የመጀመሪያ ክፍል

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ለትምህርት ብቻ ሳይሆን ለኪነ ጥበብ ሥራም የሚስማማ መሆኑን ለማስረዳት፣ በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ የአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት የመጀመሪያ ክፍል እንዴት እንደ ተሠራ ለአንባቢያን ልናቀርብ ወደድን። ድርሰቱ የሳይንስ ልብ ወለድ ከሚባለው ወገን ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ማለት ሳይንስ ገና ያልደረሰበትን ነገር እንደ ደረሰበት አድርጎ በማሰብ የሚጻፍ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ዘመኑ 1955 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ከተማችን ሐዋሳ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች ስለ ሆነች ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ቴሌቪዥን በአገራችን ገና አልተጀመረም። በዚያው ጊዜ በለንደን ከተማ ቢቢሲ የተባለው የእንግሊዝ የማሠራጫ ድርጅት አንድ ችግር ገጥሞት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስፖርቱ ዝግጅት ካለቀ በኋላ የወጣቶች የዘፈን ዝግጅት እስኪጀምር ድረስ ያለውን ጊዜ፣ ልጅም አዋቂም አብሮ ሊያየው በሚችል ነገር መሙላት አስፈለገ። የድራማው ክፍል የበላይ የነበሩት ካናዳዊው ሚስተር ሲድኒ ኒውማን በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚጓዝ አንድ ሽማግሌ የሚናገር ተከታታይ ድርሰት እንዲዘጋጅ አዘዙ። ስሙም «ዶክተር ሁ» ተባለ፤ «ዶክተር ማን?» ማለት ነው።

ሥራው የተሰጠው ግን ለታወቁ ሽማግሌዎች አልነበረም። ፕሮዲዩሰር እንዲሆኑ የተመረጡት ወይዘሪት ቬሪቲ ላምበርት የ27 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በቢቢሲ የድራማ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ፕሮዲዩሰሮች መካከል ብቸኛዋ ሴትና በዕድሜም ታናሿ እርሳቸው ነበሩ። ዳይሬክተሩ ሚስተር ዋሪስ ሁሴን ደግሞ በሕንድ አገር የተወለዱ የ24 ዓመት ጐልማሳ ነበሩ። አንዷ በሴትነታቸው፣ አንደኛው በትውልዳቸው፣ ሁለቱም በወጣትነታቸው በዚያ ቤት እንደ እንግዳ ይታዩ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል የጻፉት አንተኒ ኮበርን የተባሉ አውስትራልያዊ ደራሲ ናቸው። ሽማግሌውን ዶክተር ሆነው የተጫወቱት የ55 ዓመቱ ዊልያም ሃርትኔል ነበሩ።

ታሪኩ የሚጀምረው እንደኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አንዲት የታሪክ አስተማሪና አንድ የሳይንስ አስተማሪ ሱዛን በምትባል የ15 ዓመት ተማሪያቸው ነገር ይደነቃሉ። ልጅቱ አስተማሪዎችዋ የማያውቁትን ታውቃለች፤ ማንም የሚያውቀውን ተራ ነገር ግን ትስታለች። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ ሺሊንጉም 12 ፔንስ ነበር። ሱዛን ግን ገንዘቡ እንደኛ ብርና ሳንቲም በመቶ የሚከፈል መስሏት ትሳሳትና የክፍል ጓደኞችዋ ይስቁባታል። የሚያስገርመው፣ እንግሊዞች ገንዘባቸውን በእውነት በመቶ መክፈል የጀመሩት ከዚያ በኋላ በ1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አስተማሪዎቹ ልጅቱን እስከ ቤትዋ ቢከተሉ፣ የውዳቂ ዕቃ ማከማቻ ግቢ ውስጥ የቆመ አንድ የፖሊስ ሣጥን ያገኛሉ። ይህ ሣጥን ፖሊሶች ስልክ እንዲደውሉበት በለንደን መንገድ ዳር ይተከል የነበረው ዓይነት ነው። በሩን አልፈው ሲገቡ ግን ውስጡ ከውጭው ይልቅ እጅግ ሰፊ ሆኖ ያገኙታል፤ በጊዜ ውስጥ የሚጓዘው መርከብ እርሱ ነበር።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የተሰጣቸው ቦታ ላይም ግሮቭ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ፣ ጠባብና ሙቀቱ የሚያስጨንቅ አሮጌ ስቱዲዮ ነበር። የተፈቀደላቸው ገንዘብም ለ25 ደቂቃ ክፍል 2,300 ፓውንድ ገደማ ነበር። ሥዕሉ የሚቀዳበት ቴፕ በጣም ውድ ነው፤ ከተቆረጠና ከተቀጠለ ደግሞ እንደገና ለሌላ ሥራ አይውልም። ስለዚህ ተዋንያኑ ብዙ ቀን ተለማምደው፣ እንደ ቴአትር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ሊጫወቱ ግድ ነበር። አንዱ ትዕይንት ሲያልቅ ካሜራዎቹ እየተገፉ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አንድ ሰው ቃሉን ቢስት ስሕተቱ እንዳለ ይቀራል።

ገንዘብ ያነሰበትን ቦታ ብልኃት ሞላው። በመክፈቻው ላይ የሚታየው የሚጠማዘዝ ብርሃን የተገኘው ካሜራውን የራሱን ሥዕል ወደሚያሳየው ቴሌቪዥን በማዞር ነው። ሁለት መስተዋት ፊት ለፊት ቢቀመጡ ምስላቸው እየተደጋገመ ማለቂያ እንደሚያጣ፣ እዚህም ብርሃኑ በራሱ ላይ እየተደራረበ እንደ ደመና ይነጉዳል። የመክፈቻውን ዜማ የደረሱት ሮን ግሬነር ናቸው። ዜማውን ወደ ድምፅ የለወጡት ደግሞ ወይዘሪት ዴልያ ደርቢሸር ሲሆኑ፣ የሙዚቃ ጓድ አልተጠቀሙም። ከኤሌክትሪክ መሣሪያና ከአንድ ክር ንዝረት የተገኘውን ድምፅ በቴፕ ቀድተው፣ ቴፑን እንደየድምፁ ርዝመት በምላጭ እየቆረጡ አንዱን ከአንዱ አጣበቁት። መርከቡ ሲነሣ የሚሰማው ጩኸት ደግሞ ብራያን ሆጅሰን የተባሉት ባለሙያ የአሮጌ ፒያኖ ክር በበር ቁልፍ ፍቀው ያገኙት ነው። ቁልፉም የእናታቸው የቤት ቁልፍ ነበር።

መስከረም 16 ቀን 1956 ዓ.ም. እኛ በአገራችን የመስቀልን ደመራ በምናበራበት ዕለት የመጀመሪያው ክፍል ተቀዳ። ውጤቱ ግን አላማረም። የመርከቡ በሮች አልገጥም ብለው እየተንጓጉ በንግግሩ መካከል ጮኹ። ተዋንያኑ ቃል ሳቱ፤ ሽማግሌው ዶክተርም ከመጠን በላይ ክፉ ሆነው ታዩ። ሚስተር ኒውማን ሥራውን ከተመለከቱ በኋላ ሁለቱን ወጣቶች ምሳ ጋብዘው፣ ሊያባርሯቸው እንደሚገባ ነገር ግን ሥራውን ደግመው እንዲሠሩት አንድ ዕድል እንደሚሰጧቸው ነገሩዋቸው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ሥራው በዚያ ቀን ቢሰረዝ ኖሮ «ሴትና ልጅ ተሰጥቷቸው ምን ይሠሩ ኖሯል?» ብለው የሚሳለቁ ሰዎች ባልታጡም ነበር። ወጣቶቹ ግን አላኮረፉም፤ ሰበብም አላበዙም። ስሕተታቸውን አንድ በአንድ ለይተው፣ የዶክተሩን ጠባይ አለዝበው፣ የሱዛንንም ንግግር አስተካክለው ጥቅምት 7 ቀን እንደ ገና ቀዱት። ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ተገድለው ነበርና የዓለም ልብ ሁሉ በሐዘን ተይዞ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዋሽንግተን ያገኟቸውን ፕሬዚዳንት ለመቅበር የሄዱት በዚያው ሰሞን ነው። ያም ሆኖ 4 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል ሰው ተመለከተው። ኅዳር 20 ቀን ከሁለተኛው ክፍል በፊት ተደግሞ በታየ ጊዜ የተመልካቹ ቁጥር ወደ 6 ሚሊዮን ከፍ አለ። ድርሰቱም ዘመናትን ተሻግሮ፣ ተዋናዩ ሲለወጥ እየታደሰ ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። «ዶክተር ሁ» ለብዙ የውጭ አገር ጣቢያዎች በፊልም እየተቀዳ ይሸጥ ነበርና፣ ከገዙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አሳዛኙ የታሪኩ ክፍል ግን ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ቢቢሲ ቴፑ ውድ በመሆኑና ዳግመኛ የሚያየው የለም ብሎ በማሰቡ የቀድሞዎቹን ክፍሎች እየደመሰሰ ሌላ ነገር ቀዳባቸው፤ የፊልም ቅጂዎቹንም አስወገደ። ከእነዚህም መካከል አብዛኛውን ዋሪስ ሁሴን ያዘጋጁት፣ በ7 ክፍሎች የተሠራው የማርኮ ፖሎ ጉዞ ታሪክ ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ድምፁ የተረፈው በየቤታቸው የነበሩ ተመልካቾች በቴፕ መቅጃ ስለ ቀዱት ነው። በ1991 ዓ.ም. አንድ የጠፋ ክፍል በኒውዚላንድ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዘጠኝ ክፍሎች በናይጄርያ ጆስ ከተማ መገኘታቸው ተሰማ። ባለጠጋው ድርጅት የጣለውን በሩቅ አገር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ አተረፈው ማለት ነው። ያ ስሕተት የበዛበት የመጀመሪያው ቅጂ እንኳ ስለ ተረፈ፣ ዛሬ ሁለቱን አስተያይተን ለመማር ችለናል።

እኛም ብንሆን ለመፍረድ አንቸኩል። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በትምህርት ቤታችን ወደ ጨረቃ ስለ መሄድ አንድ አጭር ጨዋታ ሠርተን ነበር። መርከባችን ከካርቶን፣ የአለቃው ቆብ ከፕላስቲክ ባልዲ ነበር። በስልክ የተቀዳውን ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ነገር ቦታ ለማግኘት ስንል በገዛ እጃችን ደመሰስነው። ዛሬ ለዚህ መጽሔት አንድ ፎቶግራፍ ብንፈልግ አጣን። ለንደኖች የሠሩትን ስሕተት እኛም በትንሹ ሠርተነዋል።

በአገራችንም ቢሆን በጥቂት መሣሪያ ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ። አስተማሪ የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ዝግጅት የጀመሩት በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ፣ በእጅ በምትንቀሳቀስ የቀጭኔ አሻንጉሊት ነው። በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በዓለም አቀፍ ውድድርም ተሸለመ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ «ክራምብስ» የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ወጣ፤ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሲሆኑ፣ በአማርኛ የተጫወቱት እነ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዱ ዳሎል ነው። ለሌላ ዓለም የሚመስል ምድር ለማሳየት ውድ ሥዕል መሥራት አላስፈለገም፤ የአገሪቱ ምድር ራሱ በቂ ሆኖ ተገኘ። የታቦር ተራራንና የሐይቃችንን የንጋት ጉም ያየ ሰው ይህን አያጣውም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የመጀመሪያው ሙከራ ቢበላሽ ሥራው አለቀለት ማለት አይደለም፤ ስሕተቱን አይቶ መድገም ነውር ሳይሆን ሙያ ነው። ሁለተኛው፣ የሠሩትን አለማስቀመጥ እንዳልሠሩት ያስቈጥራል። ስለዚህ ውድ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ፣ በየሣጥናችሁ ያለውን የትምህርት ቤታችንን የድሮ ፎቶግራፍ፣ የድራማ ክበብ ጽሑፍና የተቀዳ ድምፅ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን እንድትሰጡን በትሕትና እንለምናችኋለን። እናንተም ተማሪ ጓደኞቻችን፣ ዛሬ የምትሠሩት ነገር ተራ ቢመስላችሁም ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት። እኛም የጨረቃውን ጨዋታ በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ልንሠራው ቈርጠን ተነሥተናል፤ የካርቶኑም መርከብ በመጠገን ላይ ነው።