የዮጋ ታሪክና የመካከለኛ ዕድሜ ሴቶች ጀርባ

በመካከለኛ ዕድሜ የሚገኙ ሴቶች የላይኛው ጀርባቸው ሲጎብጥና ትከሻቸው ወደ ፊት ሲያዘነብል ዮጋ እንዲሠሩ መምከር በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በዚህ ስም የሚታወቀው የአካል እንቅስቃሴ ሲቀረጽ የታሰበው ለእነርሱ አልነበረም።

በደቡብ ሕንድ፣ በማይሶር ከተማ፣ ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ የተባሉ መምህር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በንጉሡ ድጋፍ በቤተ መንግሥት ውስጥ ዮጋ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ስለነበሩ ስልቱ ብርታትንና ቅልጥፍናን የሚጠይቅ ሆነ። በሪጋ ከተማ የተወለዱት ኢንድራ ዴቪ ለመማር ሲጠይቁ፣ ሴትም የውጭ አገር ሰውም በመሆናቸው መምህሩ እምቢ አሉ፤ የተቀበሏቸው ንጉሡ ጣልቃ ከገቡ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሆሊውድ ትምህርት ቤት ከፍተው ለዘብ ያለ ዮጋ በማስተማር ስልቱን በሴቶች ዘንድ አስወደዱ።

ሆኖም ከስልቱ ጋር አብረው የተሻገሩ፣ እግርን ዘርግቶ ግንባርን ከጉልበት የሚያገናኙ ዓይነት እንቅስቃሴዎች ነበሩ። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የአከርካሪ አጥንት ሲሳሳ፣ እንዲህ ያለው ማጎንበስ ክብደቱን በአጥንቱ የፊት ክፍል ላይ ይጭናል፤ አጥንቱ ከፊት ሲደቅ ደግሞ ጉብጠቱ ይብሳል። ሊታረም የታሰበው ነገር በራሱ በሕክምናው ሊባባስ ይችላል ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ በግልጽ ያሳየው ዮጋን የሚመለከት ጥናት አልነበረም። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የአከርካሪ አጥንት መሳሳት የነበረባቸውን፣ ዕድሜያቸው ከ49 እስከ 60 የሆነ 59 ሴቶች ተከታትለዋል። ጀርባን ወደ ኋላ የሚያቀና እንቅስቃሴ ከሠሩት መካከል 16 በመቶው ብቻ ተጨማሪ የአከርካሪ ስብራት ሲታይባቸው፣ ወደ ፊት በማጎንበስ ከሠሩት ላይ ግን 89 በመቶ ደርሷል። ምንም ካልሠሩት ውስጥ 67 በመቶው ተሰብረዋል። በማጎንበስ የሠሩት 9 ብቻ ስለነበሩ አኃዙን በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ ልዩነቱ ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

በ2009 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ዮጋን በቀጥታ ፈተነ። ጀርባቸው የጎበጠ፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 118 ሴቶችና ወንዶች ተሳትፈው፣ የዮጋው ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን ለ24 ሳምንታት ሠራ። የጉብጠቱ ማዕዘን 4.4 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ በአካላዊ ብቃት መለኪያዎች ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። የተሠራበትም ዮጋ ለዕድሜያቸው ተመጥኖ የተዘጋጀ እንጂ የማይሶር ልጆች የተማሩት አልነበረም።