ጅቡቲ ከተማ ምን ያህል ሰላማዊ ናት? ደኅንነቷስ ለማን ነው?

ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ጅቡቲ — የፈረንሳይኛ ስሙ “የእባብ አምባ” ማለት ነው። ባሕሩን ተንተርሶ የተዘረጋው ይህ ሰፈር ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች፣ የቆዩ የቅኝ ግዛት ዘመን ሕንፃዎችና ረጃጅም አጥሮች የሚታዩበት ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል ዘበኞች በየበሩ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እየተንሸራሸሩ መሄድ እዚህ ብርቅ አይደለም።

ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚያወጣው መንገድ ላይ ፒኬ 12 የሚባል ቦታ አለ። ስሙን ያገኘው ከከተማዋ መነሻ 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በመሆኑ ነው። ከባድ መኪኖች ተደርድረው የሚያድሩበት ሲሆን ኢትዮጵያውያን ሾፌሮችና ረዳቶች ወረፋቸውን የሚጠብቁትም እዚያው ነው። በዚያ የሚያድር ሰው ስለ ከተማዋ ሰላም ሲጠየቅ፣ የእባብ አምባው ነዋሪ ከሚሰጠው የተለየ መልስ ቢሰጥ አያስገርምም።

ለመሆኑ ጅቡቲ ከተማ ምን ያህል ሰላማዊ ናት? ጥያቄው ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህች አገር ወደቦች ያልፋል። ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ወደ የመን ለመሻገር የመጣው ወጣት፣ ሁሉም በከተማዋ ያልፋሉ ወይም ይኖራሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮራል አምባ የተነሣች ከተማ

ጅቡቲ ከተማ የተቆረቆረችው በ1888 ነው። ፈረንሳዮች ቀድሞ መቀመጫቸው ከነበረችው ከኦቦክ ተነሥተው በባሕረ ሰላጤው ማዶ ባሉት የኮራል አምባዎች ላይ ሰፈሩ። የእባብ አምባ፣ የማራቡ አምባና የጅቡቲ አምባ በአፈር ሙሌትና በመንገድ ተያይዘው የዛሬዋን መሐል ከተማ ፈጠሩ። በ1897 ሥራው የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማዋ የኢትዮጵያ የባሕር በር ሆነች። የመሐል ከተማው አደባባይ ዛሬ የነፃነት ቀኑን፣ ጁን 27 ቀን 1977ን፣ በስሙ ቢይዝም፣ ብዙ ሰው አሁንም የሚያውቀው ምኒልክ አደባባይ ብሎ ነው።

የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የተቋቋመ ነው። ከዚያ በፊት ከፍተኛ ትምህርት የሚሻ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች አገሮች መሄድ ነበረበት። አሁን ከተማዋ የወደብ፣ የጦር ሰፈርና የተማሪዎች ከተማ ናት። በ2017 በተደረገው የቤተሰብ ጥናት የአገሪቱ ሥራ አጥነት 47 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ ወጣቶችና ስለ ወንጀል የሚነሣ ማንኛውም ውይይት ከዚህ ቁጥር ሊርቅ አይችልም።

“የወንጀል መጠን” ሲባል ምን ማለት ነው?

የከተሞችን ደኅንነት ለማነጻጸር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መለኪያ ከ100 ሺህ ሰዎች መካከል በዓመት ስንቱ በሰው እጅ ተገደለ የሚለው ነው። ግድያ ከሌሎች ወንጀሎች ይልቅ ተደብቆ የመቅረት ዕድሉ አነስተኛ በመሆኑ ነው የሚመረጠው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ጽሕፈት ቤት እንደሚለው፣ በ2021 በዓለም ዙሪያ 458 ሺህ ያህል ሰዎች ሆን ተብሎ በተፈጸመ ግድያ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይህም ከ100 ሺህ ሰዎች 5.8 ማለት ነው።

በጅቡቲ ግን ይህ ስሌት ጥንቃቄ ይሻል። የአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ አሥር ግድያዎች ሲጨመሩ ወይም ሲቀነሱ መለኪያው በአንድ ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። አንድ የጎሳ ግጭት ወይም አንድ የሽብር ጥቃት የዓመቱን ቁጥር ሊገለብጠው ይችላል። በትልቅ አገር ውስጥ የማይታይ ለውጥ እዚህ እንደ ማዕበል ይታያል።

በኢንተርኔት የሚዘዋወሩ የከተሞች “የደኅንነት ደረጃ” ሰንጠረዦችም አብዛኞቹ የተሠሩት ከፖሊስ መዝገብ ሳይሆን ድረ ገጹን የጎበኙ ሰዎች ከሰጡት አስተያየት ነው። ጥቂት ሰዎች መልስ በሰጡባት ትንሽ ከተማ ውጤቱ የሚለካው ወንጀልን ሳይሆን የመላሾቹን ስሜት ነው። በእባብ አምባ ያለ የውጭ አገር ባለሙያ መጠይቁን ይሞላል፤ በፒኬ 12 የሚያድር ረዳት አይሞላም።

በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያጋጥሙ ወንጀሎች

በከተማዋ በብዛት የሚያጋጥመው ቀላል ስርቆት ነው፦ ኪስ ማውለቅ፣ የእጅ ስልክ መንጠቅ፣ ሳይቆለፍ ከቀረ መኪና ዕቃ መውሰድ። ገበያና መናኸሪያ፣ ሰው የሚጋፋበት ስፍራ ሁሉ፣ ለዚህ የተጋለጠ ነው። በጦር መሣሪያ የሚፈጸም ዝርፊያ ግን የከተማዋ መገለጫ አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ትዕይንት በመሐል ከተማ በየቀኑ ይታያል። በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ገንዘብ መንዛሪ ሴቶች በአደባባይ ተቀምጠው የብር ኖቱን በቦርሳ ይዘው ይሠራሉ። ይህ ሊሆን የቻለው በፖሊስ ብርታት ብቻ አይደለም። ሰው በጎሳ፣ በዘመድና በሰፈር በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ሌባው ከእነማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅም፤ ሽማግሌዎችም ካሣ ያስከፍላሉ።

የቀኑ ሥርዓትም የራሱ ድርሻ አለው። በየዕለቱ ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ሱቆች ይዘጋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጎዳናው ጭር ይላል። ከተማዋ እንደገና የምትነቃው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ከተማዋን ያናወጡ ጥቃቶች

ጅቡቲ ለውጭ ዜጎች ያላት ስጋት ከሌብነት ይልቅ በተደጋጋሚ የመጣው ከፖለቲካ ነው። በማርች 1987 የውጭ ዜጎች ያዘወትሩት በነበረው ኢስቶሪል ካፌ በፈነዳ ቦምብ ከ10 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በሴፕቴምበር 1990 በካፌ ደ ፓሪ ላይ በተወረወረ የእጅ ቦምብ አንድ ሕፃን ሞተ። በሜይ 24 ቀን 2014 ደግሞ ሁለት አጥፍቶ ጠፊዎች በመሐል ከተማ በሚገኘው ላ ሾሚዬር ምግብ ቤት ራሳቸውን አፈነዱ፤ አንድ የቱርክ ዜጋ ሲሞት በርካቶች ቆሰሉ። ኃላፊነቱን የወሰደው አል ሸባብ ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ጅቡቲ ወደ ሶማሊያ ጦር መላኳንና ለምዕራባውያን ወታደሮች መሬት መስጠቷን ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥበቃው ጠብቋል። በከተማዋና በዙሪያዋ ፈረንሳይ፣ ከ2002 ጀምሮ አሜሪካ፣ ከ2011 ጀምሮ ጃፓን፣ ከ2017 ጀምሮ ቻይና የጦር ሰፈር አላቸው፤ ጣሊያንም እንዲሁ። ይህን ያህል የውጭ ጦር በአንድ ከተማ ዙሪያ የሰፈረበት ቦታ በዓለም ላይ በቀላሉ አይገኝም።

የአካባቢው ሰው የሚያስታውሳቸው ደም መፋሰሶች ግን ሌሎች ናቸው። በዲሴምበር 1991፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት፣ የጸጥታ ኃይሎች አፋሮች በሚኖሩበት የአርሂባ ሰፈር በከፈቱት ተኩስ በርካታ ሰዎች ተገድለዋል። በኦገስት 2021 በኢትዮጵያ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች መካከል የነበረው ግጭት ድንበር ተሻግሮ በዋና ከተማዋ ዳርቻ በአፋሮችና በኢሳዎች መካከል ብጥብጥ አስነሣ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ቤቶችም ተቃጠሉ። በኢትዮጵያ የሚነሣ እሳት ጭሱ ጅቡቲ ይደርሳል።

አጥሩ

ደኅንነትን በአጥር የማስከበር ልማድ በዚህች ከተማ አዲስ አይደለም። በኦገስት 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል ሲጎበኟት ነፃነት የሚጠይቁ ሰልፈኞች ጠበቋቸው፤ ሁከትም ተከተለ። ቅኝ ገዢዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ከተማዋን በሾህ ሽቦ አጥር ከበቧት። አጥሩ “ባራዥ” ይባል ነበር። ከገጠርና ከጎረቤት አገሮች የሚመጣ ሰው ያለ ወረቀት እንዳይገባ የታሰበ ሲሆን፣ ለማለፍ ሲሞክሩ ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ።

መግባት የተከለከሉት በአጥሩ ማዶ ሰፈሩ። ቆርቆሮና ጣውላ እያገጣጠሙ የሠሩት መንደር ባልባላ ሆነ። አጥሩ ከነፃነት በኋላ ፈርሷል፤ ባልባላም ዛሬ የከተማዋ አካል፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ሆኖም የመብራት፣ የውኃና የመንገድ ልዩነቱ አሁንም የአጥሩን መስመር ተከትሎ ይታያል። ጨለማ መንገድ ላይ የሚነጠቅ ስልክ ከዚህ ታሪክ የተነጠለ አይደለም።

ሰነድ የሌለው ሰው ማን ዘንድ ያመለክታል?

የከተማዋ ወንጀል በሚቆጠርበት መዝገብ ውስጥ ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ሰነድ የሌለው ኢትዮጵያዊ ቢዘረፍ፣ ደመወዙን ቢከለከል፣ የቤት ሠራተኛዋ ብትደፈር፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ራስን ለመባረር አሳልፎ መስጠት ይመስላቸዋል። በዚህም ላይ የመንግሥት ሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። ያልተመለከተ በደል አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበም በ“ወንጀል መጠን” ውስጥ አይታይም። ወንጀለኛውም ይህን ያውቃል።

ስጋቱ መሠረት አለው። በ2003 መንግሥት ጸጥታንና ኢኮኖሚን ምክንያት አድርጎ ሰነድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች ሁሉ እንዲወጡ አዘዘ። ቀነ ገደቡ እስኪደርስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን፣ ከተማዋን ለቀው ወጡ። በ2025ም ተመሳሳይ ዘመቻ ተካሂዷል።

ከከተማዋ ወጥተው በኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩት ደግሞ በደላሎች እጅ ይወድቃሉ። በኤፕሪል 2024 ብቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ተሳፋሪዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይህ ሞት በአደጋነት ይመዘገባል እንጂ በከተማዋ የግድያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ጀልባውን ከመጠን በላይ የጫነው ሰው ግን ወንጀል ፈጽሟል።

ሕጉ ምን ይላል?

ጅቡቲ በ2016 ሰውን መነገጃ ማድረግንና ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚቀጣ ሕግ አውጥታለች። በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ በስደተኝነት የተመዘገበ ሰው የመሥራት፣ የመማርና ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሞት ቅጣት በ1995 ቀርቷል። የተያዘ ሰው ዳኛ ሳያየው ከ48 ሰዓት በላይ ሊታሰር አይገባም፤ ዐቃቤ ሕግ ሲፈቅድ ግን ሌላ 48 ሰዓት ሊጨመር ይችላል። ይህ ድንጋጌ ለዜጋም ለውጭ ሰውም እኩል ነው።

ወደ ጅቡቲ ለሚሄድ ሰው

ፓስፖርትና ቪዛ ቅጂያቸውን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። ወደብን፣ አውሮፕላን ማረፊያን፣ የጦር ሰፈርንና የመንግሥት ሕንፃን ፎቶግራፍ ማንሣት ያሳስራል። ነጭና አረንጓዴ ቀለም ባላቸው ታክሲዎች ሲሳፈሩ ዋጋውን አስቀድሞ መነጋገር፣ ከመሸ በኋላ መብራት በሌለው መንገድ ብቻን አለመሄድ ይመከራል። ሾፌሮች ገንዘብና የጭነት ሰነድ በጋቢና ውስጥ ሊታይ በሚችል ቦታ ባይተዉ መልካም ነው። የፖሊስ የስልክ ቁጥር 17፣ የእሳት አደጋ 18 ነው። የታሰረ ሰው ኤምባሲው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህን በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከጎርፍም መጠንቀቅ ያሻል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው የአምቡሊ ወንዝ በ2004ና በ2019 በድንገት ሞልቶ ሰው ገድሏል።

እንግዲህ ጅቡቲ ከተማ ሰላማዊ ናት ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ከብዙ የወደብ ከተሞች አንጻር መልሱ አዎን ነው። ወረቀትና መኝታ ያለው መንገደኛ የሚያስፈራው ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ሰላም ለሁሉም በእኩል አልተዳረሰም። በእባብ አምባ በር ላይ ዘበኛ አለ፤ በባልባላ ጎረቤት አለ። ሰነድ የሌለውን ሰው የሚጠብቀው ግን የራሱ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ከተማዋ ወንጀሏን በትክክል የምትቆጥረው እርሱም ሳይፈራ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ “ተበደልሁ” ማለት ሲችል ይሆናል።