ማር ይስሐቅ

በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረ የሶርያ መነኩሴና መምህር፤ እንዲሁም በስሙ የሚጠራው የምንኩስና መጽሐፍ። መጽሐፉ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ከሚባሉት ከሦስቱ አንዱ ነው።

ይስሐቅ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተወልዶ፣ በነነዌ ኤጲስ ቆጶስነት ከተሾመ በኋላ 5 ወር ያህል ብቻ ቆይቶ መንበሩን ተወና ወደ ብሕትውና ገባ፤ በንባብ ብዛትና በተጋድሎም ዓይኑ እንደ ጠፋ ይነገራል። በሱርስት የደረሰው ቃል በዓረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በአገራችን ጉባኤ ቤት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር የሚቈጠረው የአራተኛው ጉባኤ ክፍል ሆነ፤ ደቀ መዝሙሩ ግእዙን ያነባል፣ መምህሩም «አንድም» እያለ ምሥጢሩን በአማርኛ ያወርድለታል።

የይስሐቅ ትምህርት መሠረት ራስን ማወቅ ሲሆን፣ የገዛ ኃጢአቱን ያወቀ ሰው በጸሎቱ ሙት ከሚያስነሣው እንደሚበልጥ ያስተምራል። ስለ ፍቅር ሲናገርም፣ ርኅሩኅ ልብ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአዕዋፍ፣ ለአራዊት፣ ለአጋንንት ሳይቀር እንደሚቃጠል፣ ፍጥረት ሲጎዳ ማየትም መስማትም እንደማይችል ይገልጻል፤ የፍቅርን ወሰን እስከዚህ ያሰፋ ድርሰት ከአባቶች ዘንድ እንኳ በቀላሉ አይገኝም። መጽሐፉ ለመናንያን ብቻ የተጻፈ ነው የሚል ልማድ ቢኖርም፣ ባልንጀራን ከመንቀፍ መከልከል፣ ለበደለን ማዘንና አንደበትን መግታት ባለ ትዳሩም ገበሬውም በየቤቱ ሊይዘው የሚቻለው ሥርዓት ነው።