የፍርድ ጉባኤና የዕርቅ ጉባኤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

በሀገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የሚሄዱባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የዳኛ፥ ሁለተኛው የሽማግሌ በር ነው። ዳኛ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብሎ ይመረምራል፤ ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ሥራው አለቀ። ሽማግሌ ግን «እነዚህ ሰዎች ነገ በአንድ መንደር እንዴት ይኖራሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጥፋተኛውን ከለየ በኋላ እንኳ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በውስጧ ክርክር በተነሣ ጊዜ በየትኛው በር ሄደች? መጨረሻውስ ምን ሆነ?

ጥያቄውን ያነሣነው ያለፈውን ለማወቅ ብቻ ብለን አይደለም። ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገሩባታል። እንደዚህ ባለች ከተማ «በቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ በየትኛው ቋንቋ ይሰጥ?» የሚለው ነገር በየሰንበቱ የሚያጋጥም ጥያቄ ነው። ይኸው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያንን ለመክፈል ደርሶ እንደ ነበረ እናውቃለን። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት ያሉትን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ከቦሩ ሜዳ ወዲህ ያሉትን እንደ ሀገራችን አቆጣጠር ጽፈናል።

፩. ደብረ ምጥማቅ

በ14ኛው መቶ ዓመት በሰራዬ ያስተምሩ የነበሩት አባ ኤዎስጣቴዎስ ከእሑድ ጋር ቀዳሚት ሰንበትም ልትከበር ይገባል ብለው አጥብቀው አስተማሩ። የእስክንድርያ መንበር ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ልማድ ነው ይል ስለ ነበር፥ ከግብፅ የሚላኩት ጳጳሳትና ከእነርሱ ጋር የተስማሙት ካህናት ተቃወሟቸው። አባ ኤዎስጣቴዎስ ሀገራቸውን ትተው በግብፅ፥ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አድርገው ወደ አርመን ሄዱ፤ በዚያም በ1352 ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን አልተበተኑም። በሰሜን ብዙ ገዳማት አቆሙ፤ ከእነዚህም አንዱ አባ ፊልጶስ የመሠረቱት ደብረ ቢዘን ነው።

የመለያየቱ ጉዳት በቃል ክርክር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ጳጳሱ ለኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ክህነት አይሰጥም፤ እነርሱም ከጳጳሱ እጅ ክህነት አይቀበሉም ነበር። ካህናት በሚጎድሉበት ገዳም ደግሞ ቁርባንም ይጎድላል። በ1400 በአፄ ዳዊት ዘመን አባ ፊልጶስና ባልንጀሮቻቸው ወደ ጉባኤ ተጠርተው ቅዳሜን ማክበር ይተዉ ዘንድ ተጠየቁ፤ እምቢ ባሉም ጊዜ ታሰሩ። ይህ የዳኛው በር ነበር። ዳሩ ግን እስራቱ ገዳማቱን አላፈረሳቸውም፤ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ በ1404 ንጉሠ ነገሥቱ እስረኞቹን ፈትተው ቅዳሜን እያከበሩ እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው።

ፍጻሜው የመጣው በልጃቸው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በ1450 በሸዋ፥ በተጉለት፥ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደረገ። ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ቅዳሜም እንደ እሑድ እንድትከበር ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። አንደኛው ወገን ሰንበቱን አገኘ፤ ሁለተኛው ወገን የጳጳስነት ሥልጣኑ ታወቀለት። ባዶ እጁን የተመለሰ የለም። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ክርክርም በዚህ አበቃ።

ነገር ግን የደብረ ምጥማቅን ጉባኤ አመስግነን ብቻ ብናልፍ ታሪኩን ግማሽ አድርገን መጻፋችን ነው። ይህን ዕርቅ ያደረጉት ንጉሠ ነገሥት በዚያው ዘመን የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች በጽኑ ቀጥተዋል። ደቂቀ እስጢፋኖስ ለንጉሥ አንሰግድም፥ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለታቸው ታሰሩ፥ ተገረፉ፥ ተሰደዱ። አንድ ንጉሥ ከአንደኛው ጋር ስለ ምን ታረቀ? ሁለተኛውንስ ስለ ምን አሳደደ? እንደሚመስለን ምክንያቱ ሁለት ነው። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች በ1450 ገዳማቸው በዝቶ፥ ሕዝብ ተከትሏቸው፥ ሊናቁ የማይችሉ ሆነው ነበር፤ የጠየቁትም ነገር ዙፋኑን አይነካም። ደቂቀ እስጢፋኖስ ግን ጥቂቶች ነበሩ፤ ቃላቸውም ዙፋኑን ይነካል። እንግዲህ የሽማግሌው በር የተከፈተው ብርታት ላለው ነው ማለት ነው።

፪. ቦሩ ሜዳ

ንጉሥ የሃይማኖት ክርክርን በትእዛዝ ለመጨረስ መሞከሩ በእኛ ሀገር የተጀመረ ነገር አይደለም። በ451 በኬልቄዶን የተደረገው ጉባኤ በሮም ንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ የተጠራ ነበር፤ ውሳኔውም በንጉሥ ኃይል እንዲጸና ተሞከረ። የእስክንድርያ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ውሳኔውን ሳይቀበሉ ይኸው ከአሥራ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስለዚህ የንጉሥ ፍርድ ልብን እንደማያሸንፍ ከማንም ይልቅ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች ማለት ይቻላል።

ሆኖም የጎንደር መንግሥት ከደከመበት ጊዜ ጀምሮ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ መቀባትና መወለድ ተከራክረው በሦስት ተከፈሉ። እነዚህም ሁለት ልደት የሚሉት ካሮች፥ ሦስት ልደት የሚሉት የጸጋ ልጆችና ቅብዓቶች ነበሩ። ክርክሩ ከሀገር መከፋፈል ጋር ተባበረ፤ በትግራይ ሁለት ልደት፥ በጎጃም ቅብዓት፥ በሸዋ ሦስት ልደት በረታ። በ1854 በአምባ ጫራ፥ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣና አቡነ ሰላማ ተስማምተው የሁለት ልደትን ትምህርት የሀገሪቱ ሃይማኖት ብለው አወጁ። አዋጁ ክርክሩን ጨርሶት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ጉባኤ ባላስፈለገ ነበር።

ሁለተኛው ጉባኤ በግንቦት 1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ ተደረገ። የመሩት አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ናቸው፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ከጥቂት ጊዜ በፊት ገብረው ነበርና በጉባኤው ተገኙ። በዚያ ጊዜ በሀገሪቱ ጳጳስ አልነበረም፤ አራቱ ጳጳሳት ከግብፅ የመጡት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠሪውም ዳኛውም ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። የሸዋ ብዙ ሊቃውንት የያዙት የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ እምቢ ካሉት መምህራን አንዳንዶቹ ብርቱ ቅጣት እንደ ደረሰባቸው ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። በዚሁ ጉባኤ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ይህም ትእዛዝ በወሎ ብዙ ዐመፅና ደም መፋሰስ አስከተለ።

ስለ ቦሩ ሜዳ በቅንነት መናገር ካስፈለገ ሁለቱንም ጎን መናገር ይገባል። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረግ ክርክር እንደ ርስት ለሁለት የሚከፈል አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም የምታስተምረውን ትምህርት መወሰኗ አግባብ ነው። ከቦሩ ሜዳ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ትምህርት መጽናቷም እውነት ነው። ነገር ግን ትምህርቱን መወሰን አንድ ነገር፥ የተሸነፈውን ሰው በሰይፍ ዝም ማሰኘት ሌላ ነገር ነው። የቅብዓት ትምህርት በጎጃም በአንዳንድ ስፍራ እስከ ዘመናችን አለመጥፋቱ፥ ዝም ማለትና ማመን የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል።

፫. በዘመናችን

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ አምስተኛ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። አንደኛው ወገን «በፈቃዳቸው ለቀቁ» ሲል ሁለተኛው «ተገደው ነው» አለ። አቡነ መርቆሬዎስ በኬንያ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በዚያም ሌላ ሲኖዶስ ቆመ፤ ሁለቱ ወገኖች ተወጋገዙ። በዚህ ጊዜ የተነሣ የትምህርት ልዩነት አልነበረም። ጥያቄው በቅዳሴ የማን ስም ይጠራ የሚል ነበር። በውጭ ሀገር በአንድ ከተማ የሚኖሩ ምእመናን የአንዱን ስም የሚጠራ፥ የሌላውን ስም የሚጠራ፥ ደግሞም «ገለልተኛ» የሚባል ቤተ ክርስቲያን እያሉ ተለያዩ።

አቡነ ጳውሎስ በ2004 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ የዕርቅ ተስፋ ታይቶ ነበር፤ ንግግሩ ግን ፍሬ ሳይሰጥ በ2005 ዓ.ም. አቡነ ማትያስ ስድስተኛ ፓትርያርክ ሆኑ። ዕርቁ የተፈጸመው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ነው። ሁለቱ ወገኖች ውግዘቱን አነሡ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፥ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲያገለግሉ፥ የሁለቱም ስም በጸሎት እንዲጠራ ተስማሙ። አቡነ መርቆሬዎስም ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ ስደት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በ2014 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ በክብር ኖሩ። ይህ ውል በአሠራሩ ደብረ ምጥማቅን ይመስላል፤ ማንም ክብሩን ጥሎ አልገባም።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ሌላ መለያየት መጣ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ አካባቢ በሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሳዊሮስ የሚመሩ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ምክንያታቸው የኦሮሞ ምእመናን በቋንቋቸው የሚያስተምርና የሚያስተዳድር አባት አላገኙም የሚል ነበር። ሲኖዶሱ አወገዛቸው፤ ምእመናን ጥቁር ለብሰው አዘኑ፤ በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተገኙበት ስምምነት ተደረገ፤ ሦስቱ ሊቃነ ጳጳሳት ወደ ቀድሞ ስፍራቸው፥ የተሾሙት ወደ ቀድሞ ማዕርጋቸው እንዲመለሱ፥ በኦሮምኛ የሚሰጠው አገልግሎትም እንዲጠናከር ተባለ። በሐምሌ ወር ሲኖዶሱ ራሱ ለኦሮሚያና ለደቡብ አህጉረ ስብከት ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር ደክመው የተረጎሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ነው። በራስ ቋንቋ የእግዚአብሔርን ቃል የመስማት ፍላጎት እንግዲህ የትናንት ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄው ያለ ሥርዓት ሹመት እስኪደረግ፥ ሰውም እስኪሞት ድረስ በሙሉ ጆሮ አልተሰማም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

፬. መደምደሚያ

ካየነው ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ የጸናው ውል ሁለቱም ወገኖች አንዳች ነገር ይዘው የወጡበት ነው። ሁለተኛ፥ ከአምባ ጫራ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ባየናቸው ጉባኤዎች ሁሉ መንግሥት ከማዕዱ አልራቀም፤ በዋሽንግተን እንኳ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመጨረሻው ቀን ተገኝተዋል። መንግሥት ሲያስታርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በመንግሥት የሚታረቅ ቤት የራሱን ሽማግሌ አላሳደገም ማለት ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፥ ዕርቅ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሊናቅ ለማይችል ወገን መሆኑ ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስን ያስታረቀ አልተገኘም።

ስለዚህ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽምግልና የሚፈተነው ብርቱው ሲቆጣ ሳይሆን ደካማው ሲያጉረመርም ነው። በዱከምም ሆነ በሌላ ከተማ አንዲት አሮጊት «ስብከቱ አይገባኝም» ብትል፥ ከኋላዋ ሠራዊትም ሹመትም የለም። እርሷን በጊዜው የሰማ ሰበካ ጉባኤ፥ በኋላ በሊቃነ ጳጳሳትና በጠቅላይ ሚኒስትር ፊት የሚቀርበውን ክርክር ገና በሥሩ ሳለ አስታርቆታል።